ሀራራን ማቅለልና ከሱስ መዳን



የማኅበራችሁ የጤና ኮሚቴ ለዚህ ምሽት ሲጋብዘኝ ያቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «ልጆቻችን ከሄሮይን፣ ከፌንታኒልና ከሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ለመላቀቅ ሲሞክሩ የሚደርስባቸውን ሥቃይ የሚያቀል፣ ራሱ ግን የዚያ ዘር ያልሆነ መድኃኒት አለ ወይ?» የሚል ነው። መልሱን ለመጨረሻ አላቆየውም፤ አለ። ከእንዲህ ዓይነቶቹ መድኃኒቶች ዋነኛው ከእናንተ መካከል አንዳንዶች ለደም ግፊት የምትወስዱት የታወቀ ክኒን ነው። ከዚህ መልስ ጋር አብሮ መነገር ያለበት ሁለተኛ መልስ ደግሞ አለ፤ ዛሬ በዋናነት የመጣሁትም ለእሱ ነው። ሀራራን ማቅለል አንድ ነገር ነው፤ ከሱስ መዳን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ አድርገው የያዙ ብዙ ቤተሰቦች ልጃቸው ዳነ ብለው እግዚአብሔርን ባመሰገኑ በሳምንቱ ሐዘን ተቀምጠዋል።

ሙያዬ ፋርማሲስትነት ነው። በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሐበሻ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወገኖቻችን ይህን ጉዳይ የሚያነሱት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ «ለአንድ ዘመዴ ነው» ብለው ይጀምራሉ። ለዘመድም ይሁን ለልጅ ወይም ለራስ፣ ዛሬ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንነጋገርበት።

አካሄዴ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሀራራው ምን እንደሆነ አስረዳለሁ። ቀጥሎ ወደ መድኃኒቶቹ እሄዳለሁ፤ ሰፋ አድርጌ የምናገረው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የእነዚህ መድኃኒቶች ድንበር የት ላይ እንደሆነ እናያለን። በመጨረሻ ሀራራው ካለፈ በኋላ ስለሚመጡት ሳምንታት እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

ኦፒዮይድ የምንላቸው ከኦፒየም ተክል የሚገኙት ሞርፊንና ኮዴይን፣ ከሞርፊን የሚሠራው ሄሮይን፣ እንዲሁም በፋብሪካ የሚመረቱት እንደ ኦክሲኮዶን፣ ትራማዶል፣ ሜታዶንና ፌንታኒል ያሉት ናቸው። በሐኪም እጅ ሲሆኑ ለካንሰር ሕመምተኛና ከቀዶ ሕክምና ለወጣ ሰው ትልቅ እፎይታ ይሰጣሉ። ዛሬ በዚህ አገር በወጣቶች መካከል የሚዞረው ግን ሌላ ነው። «ፐርክ» እየተባለ የሚሸጠው ትንሽ ሰማያዊ ክኒን ከመድኃኒት ቤት የወጣ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ፌንታኒል ነው። ፌንታኒል ከሄሮይን ሃምሳ እጥፍ ያህል ይበረታል። ልጁ የሚውጠው የጥርስ ሐኪም የሚያዘውን ዓይነት ክኒን እየመሰለው ነው፤ ሰውነቱ ግን ሳያውቀው ከዚህ ሁሉ በበረታው ነገር ይያዛል።

ሄሮይን የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ሀራራው ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምረዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ይከፋል፤ ከ4 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ሜታዶን ሲሆን ዘግይቶ ጀምሮ እስከ 20 ቀን ሊዘልቅ ይችላል።

ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል። ልጁ ያዛጋል፤ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፍንጫው ይፈሳል። ከዚያ ላብና ብርድ ይፈራረቁበታል፤ ሰውነቱ ውርር ይለዋል፣ ጠጉሩ ይቆማል። የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ልቡ ይደልቃል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። አጥንቱ ድረስ ይቆረጥመዋል፤ እግሮቹ አልጋ ላይ አላርፍ ይሉታል። እንቅልፍ የሚባል የለም። ከዚህ ሁሉ ጋር «አንድ ክኒን ብቻ ብውጥ ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል» የሚለው ሐሳብ ሌት ተቀን አይለቀውም። ሐሳቡ ደግሞ እውነት ነው፤ በእርግጥም ይቆማል። ፈተናውን የሚያከብደው ይህ ነው።

እናት ይህን ስታይ ምን ታደርጋለች? ብርድ መትቶት ነው ትላለች። ምች ነው ብላ ዳማከሴ የምታሸትም አለች፤ ፍቅሯ ነው፣ አልነቅፋትም። ግን እናቶቼ፣ ትኩሳት ሳይኖረው የሚያዛጋ፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ ብሌኑ የሰፋና የሚያስቀምጠው ወጣት ሲገጥማችሁ ይህም ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ሐኪሞች የሀራራውን ክብደት ለመለካት የልብ ምቱን፣ ላቡን፣ የብሌኑን ስፋት፣ የማዛጋቱን ብዛትና ሌሎችንም ጨምረው አሥራ አንድ ምልክቶችን እያዩ ነጥብ ይሰጣሉ። ማስመሰል ነው ወይስ እውነተኛ ሥቃይ የሚለውን ጥርጣሬ ያ መለኪያ ይፈታዋል፤ የዓይንን ብሌን በፈቃዱ የሚያሰፋ ሰው የለም።

«ሀራራ ይገድላል ወይ?» ተብዬ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የኦፒዮይድ ሀራራ በራሱ ጤናማ ወጣትን የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው። ነገር ግን በአሜሪካ እስር ቤቶች ውስጥ ለቀናት ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ውኃና ጨው ከሰውነታቸው አልቆ የሞቱ ሰዎች አሉ። ጠባቂ በር ላይ ቆሞ እያለ ነው የሞቱት። ቤት ውስጥ ቆልፎ «እስኪወጣለት» መጠበቅም ከዚህ የራቀ አይደለም። ደግሞም ልጁ ከኦፒዮይድ ጋር አልኮል አዘውትሮ የሚጠጣ ወይም እንደ ዛናክስ ያሉ የጭንቀት ክኒኖችን የሚወስድ ከሆነ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። የእነዚያ ሀራራ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ አምጥቶ በራሱ ሊገድል ይችላል። ይህ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም፤ ወደ ሆስፒታል ነው።

ይህ ሥቃይ ከየት ይመጣል? በአንጎል ግንድ ውስጥ ሎከስ ሴሩሊየስ የሚባል በጣም ትንሽ ቦታ አለ። ሥራው ማንቃት ነው። ኖርአድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ለመላው አንጎል ያድላል። በጨለማ ውሻ ድንገት ሲጮህብን ልባችን የሚደልቀው፣ ላብ የሚያጠምቀን፣ እንቅልፋችን ብን ብሎ የሚጠፋው በዚህ ቦታና በመሰሎቹ ሥራ ነው። ኦፒዮይድ ይህን ቦታ ያደነዝዘዋል። አንጎልም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የሚያደነዝዘውን ለመቋቋም ቀን በቀን እየበረታ ይሄዳል። ከወዲያ ማዶ በር የሚገፋባችሁን ሰው በሙሉ ጉልበታችሁ እየገፋችሁ ሳለ ሰውየው ድንገት ዘወር ቢል ምን ትሆናላችሁ? ከበሩ ጋር ተያይዛችሁ ትወድቃላችሁ። ኦፒዮይዱ ድንገት ሲቋረጥም አንጎል የሚደርስበት እንዲሁ ነው፤ የበረታበት ጉልበት ሁሉ የሚቋቋመው ነገር ያጣል።

እንግዲህ ልጁ የሚንቀጠቀጠው ወኔ ስለሌለው እንዳልሆነ ከዚህ ትረዳላችሁ። ተመራማሪዎችም ከዚህ ተነሥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ከልክ በላይ የነቃውን ያንን ቦታ፣ ኦፒዮይድ ሳይሰጡ፣ በሌላ መንገድ ማረጋጋት ይቻል ይሆን? ይህ ጥያቄ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ያሻግረናል።

ክሎኒዲን የተባለው መድኃኒት በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን አገር፣ በቦህሪንገር ኢንግልሃይም ኩባንያ ተሠራ። የታሰበው ለታፈነ አፍንጫ ጠብታ እንዲሆን ነበር። ከኩባንያው ሠራተኞች አንዲት ጸሐፊ ጉንፋን ይዟት ጠብታውን ሞከረችው ይባላል፤ ሙሉ ቀን ተኛች፣ የደም ግፊቷ ወረደ፣ የልብ ምቷም ቀዘቀዘ። ለአፍንጫ የታሰበው ነገር በዚህ ምክንያት የደም ግፊት መድኃኒት ሆነና በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ በአውሮፓ ገበያ ላይ ዋለ። ክሎኒዲን የሚያደርገው የኖርአድሬናሊንን መረጨት መቀነስ ነው። ያንን ንጥረ ነገር ከሚረጩት ቦታዎች ዋናው ደግሞ አሁን የነገርኳችሁ ሎከስ ሴሩሊየስ ነው።

ሁለቱን ነገሮች ያገናኟቸው በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ጆርጅ አጋጃኒያን በአይጦች አንጎል ላይ ሠርተው፣ ሞርፊን ሲቋረጥ ከልክ በላይ የሚነቃውን ያንን ቦታ ክሎኒዲን እንደሚያረጋጋው አሳዩ። በዚያው ዓመት በ1978 ማርክ ጎልድ፣ ዩጂን ሬድመንድና ኸርበርት ክሌበር በሰዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ሆስፒታል የተኙት ሕመምተኞች አሥራ አንድ ነበሩ፤ ለብዙ ዓመታት በሱስ የተያዙና ሜታዶን የሚወስዱ ሰዎች። አንዳንድ ጊዜ እውነተኛው መድኃኒት፣ አንዳንድ ጊዜ ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። ክሎኒዲኑን በወሰዱ ጊዜ ምልክቶቹ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ጋብ አሉ። ኦፒዮይድ የሚይዘውን የነርቭ ተቀባይ ሳይነካ፣ ሌላ ተቀባይ ይዞ፣ ያንኑ የተረበሸ ቦታ አረጋጋው። አያስፈነጥዝም፤ ሰው መንገድ ላይ ሊሸጠው የሚጣደፍለት ነገር አይደለም። በእኔ እይታ በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ውብ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው፤ የሥቃዩን ምንጭ መጀመሪያ አገኙት፣ ከዚያ በእጃቸው ካለው መድኃኒት መካከል ለዚያ ምንጭ የሚሆነውን መረጡ።

ታዲያ ክሎኒዲን የትኛውን ያቀላል? ላቡን፣ ብርድ ብርዱን፣ የአፍንጫና የዓይን መፍሰሱን፣ የልብ ድለቃውን፣ የሆድ ቁርጠቱንና መቅበጥበጡን በደንብ ያቀላል። የትኛውን አያቀልም? የጡንቻና የአጥንት ቁርጥማቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱንና ልቡ ወደ ክኒኑ መሄዱን ብዙም አይረዳም። ስለዚህ ሐኪሞች ሌሎችን ይጨምሩበታል። ለቁርጥማቱ ኢቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል፣ ለማስመለሱ ኦንዳንሴትሮን፣ ለጭንቀቱ ሃይድሮክሲዚን፣ ለእንቅልፉ ትራዞዶን፣ ለተቅማጡ ሎፐራማይድ። ሎፐራማይድ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ራሱ የኦፒዮይድ ዘር ነው፤ በተለመደው መጠን ወደ አንጎል ስለማይገባ የሚሠራው አንጀት ላይ ብቻ ነው። ሀራራውን በእሱ ለማቆም ብለው በብዛት የዋጡ ሰዎች ልባቸው ምቱን ስቶ ሞተዋል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 በይፋ አስጠንቅቋል። በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው አንድም ፍሬ አይለፍ።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈሳሽ ነው። አገር ቤት ለተቅማጥ የምናውቀው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እዚህም ይሠራል፤ በየመድኃኒት ቤቱ አለ። ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ውኃ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እያሉ። ይህን ማድረግ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁበታላችሁ።

አሁን ደግሞ አደብ ግዙልኝ፤ ይህን ሳትሰሙ ወደ ቤታችሁ እንድትሄዱ አልፈልግም። ክሎኒዲን የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ያስመለሰውና ያስቀመጠው ሰው ግፊቱ ድሮም ዝቅ ብሏል። በዚያ ላይ ይህን ሲውጥ ከአልጋው ሲነሣ ዓይኑ ጨልሞበት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ግፊቱ ሳይለካ አይሰጥም፤ ብዙ ሐኪሞች ግፊቱ ከ90 በ60 በታች ከሆነ ያንን ጊዜ ያሳልፉታል። የተለመደው አነስተኛው ክኒን 0.1 ሚሊ ግራም ነው፤ ስንት እንደሚወሰድና በየስንት ሰዓቱ እንደሚወሰድ የሚወስነው ግፊቱን የለካው ሐኪም ነው። ለቀናት ተወስዶ ድንገት ቢቋረጥም ግፊቱ ተመልሶ ሊያሻቅብ ስለሚችል ቀስ በቀስ ነው የሚቆመው። የአባትን የግፊት ክኒን ከመሳቢያ አውጥቶ ለልጅ መስጠት፣ በፍቅር ቢሆንም፣ ልጁን ሊጥለው ይችላል።

ጾምንም አንሥቼ ልለፍ፤ በመካከላችን ካህናትም ሼኾችም ስላሉ ደስ ብሎኛል። በሀራራ ላይ ያለ ሰው ንስሐ ገብቻለሁ ብሎ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላና ሳይጠጣ ቢውል፣ ወይም በረመዳን ቢጾም፣ ከክሎኒዲን ጋር አደጋ ላይ ይወድቃል። በሁለቱም እምነት ለሕመምተኛ ፈቃድ አለ። ይህን እኔ ከምናገረው አባቶች ቢናገሩት ይሰማል፤ እባካችሁ በየአገልግሎታችሁ ቦታ ንገሩልን።

የክሎኒዲን ዘመድ የሆነው ሎፌክሲዲንም አለ። በእንግሊዝ አገር ከ1992 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ለዚሁ ሥራ አገልግሏል። አሜሪካ የተቀበለችው በግንቦት 2018 ሲሆን በዚህ አገር በተለይ ለኦፒዮይድ ሀራራ ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ኦፒዮይድ ያልሆነ መድኃኒት እሱ ነው፤ የንግድ ስሙ ሉሴሚራ ነው። እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ግፊትን የሚያወርደው ከክሎኒዲን ያነሰ ነው፤ የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል ግን የልብ ሕመም ላለበት ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋጋውም ከክሎኒዲን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ኢንሹራንሳችሁ የማይከፍልላችሁ ከሆነ «ዋናው መድኃኒት አመለጠኝ» ብላችሁ አትዘኑ፤ ክሎኒዲኑ በርካሽ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ደርሰናል፤ ድንበሩ ወደሚሰመርበት።

ሀራራን ማቅለል አንድ ነገር ነው፤ ከሱስ መዳን ሌላ ነገር ነው ብያለሁ። እስካሁን የዘረዘርኳቸው ሁሉ የመጀመሪያውን ይሠራሉ። ሁለተኛውን አይሠሩም። ለሱሱ ከሌሎቹ የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ሁለት መድኃኒቶች ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ናቸው፤ ሁለቱም ኦፒዮይድ ናቸው። ሀራራውን በማቅለልም ቢሆን ቡፕረኖርፊን ከክሎኒዲን እንደሚሻል ብዙ ጥናቶችን ያገናዘቡ ግምገማዎች አሳይተዋል። የመሞትን አደጋ ደግሞ ሁለቱም መድኃኒቶች በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም ከ2005 ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

በኮሚቴው ጥያቄ ውስጥ «የዚያ ዘር ያልሆነ» የሚለውን ቃል የሰማሁት በዚህ ምክንያት በጥንቃቄ ነው። ብዙ ቤተሰብ ሜታዶንን ወይም ቡፕረኖርፊንን «ሱስን በሱስ መተካት ነው» እያለ ይሸሻል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ልጅን ንጹሕ ማየት የሚፈልግ ወላጅ ስሜት ነው። ግን ወላጆቼ፣ በየቀኑ ቡፕረኖርፊኑን ወስዶ ሥራ የሚሄድ፣ ትምህርቱን የሚማር፣ ማታ ከእናንተ ጋር ራት የሚበላ ልጅ ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ነው። ስኳር ያለበት ኢንሱሊን ሲወጋ እንደማናፍርበት በዚህም አንፈር። ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ምክሩ በጣም ግልጽ ነው፤ ድንገት ማቋረጥ ለፅንሱም ለእሷም አደገኛ ስለሆነ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ነው የሚመከረው። በክሎኒዲን አስችለን እናቋርጣት አይባልም።

ታዲያ ክሎኒዲንና ሎፌክሲዲን ለማን ናቸው? መድኃኒቶቹን ዝቅ አድርጌ ማየት አልፈልግም፤ ትክክለኛ ቦታ አላቸው። ለጀርባ ሕመም ለወራት ኦክሲኮዶን ሲወስዱ ቆይተው ከሐኪማቸው ጋር ቀስ በቀስ እየቀነሱ ላሉ አዋቂዎች ይሆናሉ። ቡፕረኖርፊን ሊጀምር ተዘጋጅቶ ሰዓቱን ለሚጠብቅ ሰውም እንዲሁ። ፌንታኒሉ ከሰውነት በበቂ ሳይወጣ ቡፕረኖርፊን ከተወሰደ ሀራራውን ድንገት ያብሰዋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ቀን በላይ መጠበቅ አለ። ያ መጠበቅ ነው ብዙዎችን ተስፋ አስቆርጦ ወደ ጎዳና የሚመልሳቸው፤ በክሎኒዲን ሊታለፍ ይችላል። ናልትረክሶንን ለመረጠ ሰው ደግሞ በጣም ይጠቅማሉ። ናልትረክሶን ኦፒዮይድ አይደለም፤ ኦፒዮይዱ የሚይዘውን ተቀባይ ዘግቶ ሰውየው ቢወስድም እንዳይሰማው ያደርጋል፤ በወር አንዴ የሚወጋ ዓይነት አለው። ለመጀመር ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ከማንኛውም ኦፒዮይድ ነጻ መሆን ይጠይቃል። እነዚያን ቀናት በእግሩ የሚያሻግረው ይህ የዛሬው ርእሳችን ነው።

ስለ አገር ቤትም ባጭሩ። ከፌንታኒል ይልቅ እዚያ ወጣቶችን እየያዘ ያለው ትራማዶል ነው። ትራማዶል የኦፒዮይድ ሥራ ብቻ ሳይሆን ሌሎች የአንጎል ንጥረ ነገሮችንም ስለሚነካ፣ ሲቋረጥ ከተለመደው ሀራራ ሌላ በአንዳንዶች ላይ ብርቱ ድንጋጤ፣ የእጅ እግር መደንዘዝና ግራ መጋባት ያመጣል። በብዛት ሲወሰድ ደግሞ ያንቀጠቅጣል። አገር ቤት ያለው ወንድማችሁ ስልክ ደውሎ «ትራማዶል ላቆም ነው» ቢላችሁ «በርታ» ብላችሁ ብቻ አትዝጉት፤ ሐኪም ጋ እንዲሄድና በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየቀነሰ እንዲተው ንገሩት።

አራተኛው ነጥብ ከሀራራው በኋላ ስለሚመጡት ሳምንታት ነው፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ሰውነት ኦፒዮይድን የመቻል አቅሙን የሚያጣው በፍጥነት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አምስት ክኒን ይችል የነበረ ልጅ ሀራራውን ጨርሶ፣ ፊቱ ተመልሶ፣ ምግብ ጀምሮ ሳለ አንድ ቀን ልቡ ቢያሸንፈው የድሮውን መጠን ይወስዳል። የድሮው መጠን አሁን ይገድለዋል፤ ትንፋሹ ይቆማል። በዋሽንግተን ግዛት ከእስር የተፈቱ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለና በ2007 የታተመ ጥናት ነበር። በተፈቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከመጠን በላይ በመውሰድ የመሞት አደጋቸው ከሌላው ሕዝብ 129 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በለንደን ሀራራውን በሕክምና ለማሳለፍ ሆስፒታል በተኙ 137 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2003 የታተመ ጥናትም አለ። በዓመቱ ውስጥ ከመጠን በላይ ወስደው የሞቱት ሦስቱም ሕክምናውን በሚገባ ከጨረሱት መካከል ነበሩ። የመቻል አቅማቸውን ያጡት እነዚያ ናቸውና።

ይህን ሰምታችሁ በማኅበረሰባችን የተለመደውን አንድ ነገር አስቡት። ልጁ ተበላሸ ሲባል ትኬት ይቆረጥና ወደ አገር ቤት ይላካል፤ ጠበል ይገባል፣ ከአያቱ ጋር ይከርማል። ብዙ ጊዜ በእርግጥም ይሻለዋል፤ ወፍሮ፣ አማርኛው ተስተካክሎ ይመለሳል። የሚያልፍበት ሀራራ ግን በአውሮፕላን ላይ ወይም መድኃኒት በሌለበት ቦታ ነው የሚጀምረው። ተመልሶ ዳለስ አየር ማረፊያ ሲወርድ ደግሞ የድሮ ስልኩ፣ የድሮ ጓደኞቹና የድሮው ክኒን ይጠብቁታል፤ የመቻል አቅሙ ብቻ የለም። ላኩት ወይም አትላኩት አልልም። ከመሄዱ በፊት ሐኪም ይየው። የሚያስፈልገው መድኃኒት ይታሰብበት። ሲመለስ የሚቀጥለው ሕክምና አስቀድሞ ይያዝለት።

ጠበልና መድኃኒት ይጋጫሉ ለሚል ሰው አንድ ነገር ላስታውስ። እንጦጦ ጠበል ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን የተሰበሰቡበት ጊዜ ነበር፤ መድኃኒቱን ጥለው ጠበሉን ብቻ ይዘው የነበሩ ብዙ ነበሩ። በ2007 የጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጋጩና አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ያ ቃል የሰው ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ። ለዚህኛውም ሕመም እንዲህ ያለ ቃል ከመድረኩ ቢሰማ ምን ያህል ልጆች በጊዜ ወደ ሐኪም በመጡ!

ሐኪም ጋ ስትሄዱ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ ሊያቀርብላችሁ ግዴታ አለበት። ታናሽ እህቱ የወንድሟን ሱስ ለእናቷ እንድታስተረጉም አታድርጉ። ልጁ የሚወስደው ክኒን ከጎዳና የተገዛ መሆኑንም ሳትደብቁ ተናገሩ። ዛሬ ከጎዳና በሚገዛው ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም። በፊላደልፊያ ሜዴቶሚዲን የተባለ የእንስሳት ማደንዘዣ ፌንታኒል ውስጥ እየተቀላቀለ ሲገኝ ቆይቷል። ይህ የክሎኒዲን ዘር ነው፤ ሲቋረጥ ግፊትን ከልክ በላይ የሚያንር የራሱ ሀራራ ያመጣል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ አሉ። ቤት ውስጥ በክኒን የሚቻል አይደለም፤ ሐኪሙ እንዲጠረጥረው ግን እውነቱን መስማት አለበት።

ንግግሬን የማበቃው ይህን በእጄ የያዝኩትን በማሳየት ነው። ናሎክሶን ይባላል፤ ብዙዎች ናርካን በሚለው ስሙ ያውቁታል። በአፍንጫ ይረጫል፤ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሹ የቆመን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሳል። ሲነቃ ግን በድንገተኛ ሀራራ ውስጥ ነው የሚነቃው፤ ሊቆጣ፣ ሊያስመልሰው፣ ሮጦ ሄዶ እንደገና ልውሰድ ሊል ይችላል። አትልቀቁት። የናሎክሶኑ ኃይል በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሊያልቅ ይችላል፤ ፌንታኒሉ ገና ካልወጣ ትንፋሹ ተመልሶ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ 911 ደውሉ፣ ርጩት፣ ትንፋሽ ስጡት፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በኋላ ካልነቃ ሁለተኛውን ርጩት። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ለእርዳታ የደወለን ሰው የሚከላከሉ ሕጎች አሉ።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የመለማመጃ ማርጫዎች ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውሰዱ። ወጣቶች ወደ ፊት ኑ፣ እናቶችን እርዷቸው። አውራ ጣታችሁን ከሥር፣ ሁለቱን ጣቶች ከአፍንጫው ማስገቢያ ግራና ቀኝ አድርጉ። ጥያቄዎቻችሁን እየተለማመድን እቀበላለሁ።